የአንድ ስኒ ዘይት

«ሳብ፣ አትልቀቀው፣ ሳብ» አለ ፎርማኑ ከቦዩ ዳር ቆሞ። እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

ጠራጊው ሜንጦውን ቱቦው አፍ ውስጥ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ጥቁር ውሃ ቦቲው ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ከውስጥ አንድ ነገር ተላቀቀና ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ጭቃና ጨርቅ አንድ ላይ ተጣብቀው እየተጎተቱ ወጡ። ሽታው ሬዲዮን እንኳ ዝም አሰኘው። ሬዲዮ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ስሙን ያገኘው አፉ ስለማይዘጋ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ቦዩ ተዘግቷል ተብሎ ሦስት ጊዜ ሲጻፍለት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከርሞ፣ ሠራተኛ የላከው የልብስ ሰፊው ሚስት በተቀበሩ በስምንተኛው ቀን ነው። ሴትዮዋ እግራቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ከዋሉ አራት ዓመት አልፎ ነበር። ዝናቡ የጣለ ዕለት ባላቸው ገበያ ውስጥ የስፌት መኪናቸው ላይ ናቸው። ቱቦው አላሳልፍ ያለው ውሃ ተመልሶ ዝቅ ያሉትን ቤቶች ሞላ፤ ጎረቤት በሩን ሰብሮ ሲገባ አልጋው አይታይም። ጠራጊው ሬሳውን ተሸክመው ካወጡት አንዱ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት እነዚሁ ባልና ሚስት ናቸው።

የወጣውን ክምር በአካፋ ሲበትነው ትንንሽ ላስቲኮች ተዘረገፉ። አንዱን አነሳ። ታችኛው ጫፉ በጥርስ ተቀዷል፤ አፉ ግን እንደተቋጠረ ነው። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

የጠራጊው ሚስት ግራኝ ናት። ቤቷ በር ላይ ዘይት በስኒ እየሰፈረች ትሸጣለች፤ ሙሉ ጠርሙስ መግዛት ያቃተው የሰፈር ሰው ሁሉ ደንበኛዋ ነው። እንደሷ የሚቋጥር የለም። ዘይቷ ጠብ አትልም፤ ቋጠሮው ግን ስለማይፈታ ሰው ሁሉ ላስቲኩን ከታች በጥርሱ ይቀደውና ድስቱ ላይ አንጠፍጥፎ ይጥለዋል። «ያንቺን ቋጠሮ እንኳን ሰው ፖሊስም አይፈታው» እያለ ጠራጊው ይቀልድባት ነበር።

ሁለተኛውን አነሳ፤ ሦስተኛውን። ሃምሳ ሲደርስ መቁጠሩን ተወ። ሌላም ብዙ ነገር ነበር፤ የማዶው ሱቅ ጥቁር ፌስታል፣ የለስላሳ መምጠጫ፣ የሚጣል ማንኪያ። ዓይኑ ግን ከቋጠሮው ሌላ አላይ አለው።

«ምን አገኘህ?» አለ ሬዲዮ። «ወርቅ ነው እንዴ እንዲህ የምታገላብጠው?»

«ምንም።»

«ፊትህ አመድ መስሏልኮ።»

«ሽታው ነው።»

ፎርማኑ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «ምክንያት፣ ከባድ ዝናብ» ብሎ ጻፈ። «የምትጨምሩት አለ?» ሲል ጠየቀ። ጠራጊው «የለም» አለ። ሦስት ላስቲክ ግን ጓንቱ ውስጥ ከትቶ ነበር።

ከቀትር በኋላ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ዘይት ትሰፍራለች። ሦስቱን ላስቲኮች ፊቷ አስቀመጠ።

«ምን ሆነሃል አንተ፣ ቆሻሻ ታመጣብኛለህ?»

«እያቸው።»

አየቻቸው። ስኒውን የያዘው እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ከየት ነው?»

«ከቱቦው። ከእትዬ ቤት በታች ካለው። ቱቦው ሙሉ ነው።»

ስኒውን አስቀመጠችና «እኔ ሸጥኩ እንጂ አልጣልኩ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እኔ ነኝ የገደልኳቸው? የማዶው ሱቅ ፌስታል የለበትም? አንተ ጠጥተህ የወረወርከው የውሃ ፕላስቲክ የለበትም?»

«ሁሉም አለበት። የእኛም አለበት። ለጋሼ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እንዳየሁት። ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፤ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ እንዴት ብዬ ዝም እላለሁ?»

«ለሳቸው ነገርክ ማለት ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው። ጉሮሯችንን የምንደፍነው በዚች ዘይት ነው። ዕቃ ይዛችሁ ኑ ባልኩ ቁጥር ማዶ እንደሚሻገሩብኝ ታውቃለህ።» «ደግሞስ እኔ እትዬን አልወዳቸውም?»

ታጥቦ ልብሱን ቀየረና ጫማውን ለማሰር በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አንዱን እግሩን አስሮ ሌላውን ሳይጀምር በሩ ላይ ጥላ አረፈ፤ ልብስ ሰፊው ራሳቸው ናቸው። ሚስቱ ላስቲኮቹን አፈፍ አድርጋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«ደህና ዋላችሁ ልጆቼ?»

«ደህና ጋሼ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ሁለት ስኒ ዘይት…» ቆም አሉ። «የለም፣ አንድ ይበቃል መሰለኝ። ለሁለት ድንች መጥበሻ ስንት ይገባል? እኔ ምኑንም አላውቀው።»

ሚስቱ ስኒውን አንስታ ወደ ዘይቱ ጎንበስ አለች። ቀና ማለት አልፈለገችም።

«ጋሼ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ» አለ ጠራጊው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገርህ።» ልብስ ሰፊው በሩን ተደገፉ። «ዛሬ አልጋዋን ከመስኮቱ ሥር አነሳሁት። እዚያች ጋ ቁጭ ብላ ታበስል እንደነበር ታውቃለህ አይደል? ምድጃውን አስጠግቼላት እሄዳለሁ። የሚስትህን ዘይት በጥርሷ ቀደድ ታደርግና፣ ጨምቃ ጨምቃ፣ ላስቲኩን በመስኮት ውርወራ ነው። ቦዩ እሥሩ ነዋ። ‹ተነስቼ የምጥልበት እግር ስትገዛልኝ አቆማለሁ› ትለኛለች። ሳትስት ቀጥ አድርጋ ቦዩ ውስጥ ስታገባው ሁለታችንም በሳቅ ፍርስ እንል ነበር። ዛሬ መስኮቱን ሳየው ሳቄ መጣ፤ ለብቻዬ ሳቅኩ። ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ጠራጊው አሁን የሚናገረው ነገር የት እንደሚያርፍ ገባው። ሚስቱን አልፎ ሟቿ ላይ ነው የሚወድቀው። እኚህ ሰው ከሠላሳ ዓመት ትዳር የቀራቸው ሳቅ ያንን ውሃ ያመጣባት እንደሆነ ሊነግራቸው ነበር።

«ምን ልትለኝ ነበር?» አሉት።

«ግድግዳው ላይ የውሃው ምልክት አለ። እሁድ መጥቼ ልቀባልዎ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ ልጄ።» ወደ ሚስቱ ዞሩ። «በላስቲክ ቋጥሪልኝ እንግዲህ፣ በዚያ በማይፈታው።»

እጇ ልማዷ ሆኖ ወደ ኋላ ተዘረጋ፤ መንገድ ላይ ቆመ። የጨው ማስቀመጫውን የማርማላታ ጠርሙስ አወረደች፤ ጨውዋን ሳህን ላይ ገልብጣ ጠርሙሱን በጨርቅ ወለወለችና አንድ ስኒ፣ ሁለት ስኒ፣ ሦስት ስኒ ጨመረችበት።

«ላስቲክ አልቆብኛል ጋሼ» አለች። «ጠርሙሱን ሲጨርሱ ይዘውት ይምጡ። ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም ሰው እንዲሁ ነው፤ ዕቃ ላልያዘ አልሸጥም።»

«ደንበኛ ይሸሽሻልኮ።»

«ይሽሽ።»

ከኋላዋ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር፣ ትናንት የገዛችው አንድ እሽግ ላስቲክ ሳይከፈት ተንጠልጥሏል። ልብስ ሰፊው ጠርሙሱን ለመቀበል አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። ጠራጊው የሌላኛውን ጫማ ማሰሪያ እንደተፈታ ትቶ ተነሳና፣ እሽጉን በጀርባው ጋርዶ ቆመ።