የባዶው ባልዲ ዓሣ

በእኛ መንደር የዓሣ ውድድር የሚያሸንፈው ትልቅ ዓሣ ያጠመደ ሳይሆን ከሁሉ ትንሹን ያጠመደ ነው። ስለ ትልቅ ዓሣ ማንም እየዋሸ ያወራል፤ ትንሽ ግን ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። ደንቡ አጭር ነው፦ ዓሣው በሕይወት ይምጣ፣ ዳኛ ይየው፣ ተለክቶም ወደ ውኃው ይመለስ። ዳኛው እኔ ነኝ። በደንቡ ከመጡብኝ ለእናቴም አላደላም።

ዘንድሮ አሸናፊው ለማኅበራችን አዲስ ጀልባ ስም ያወጣል ተባለ። ከተወዳዳሪዎቹ ማሪኑስ በውሻው ስም ሊጠራት ቆርጧል። ክራይን ደግሞ በሚስቱ በታነቼ። ይህን ለእኔ ብቻ ነው ሹክ ያለኝ። አብረው እስኪያረጁ አንዲት አበባ ገዝቶላት አያውቅም፤ ይሄ ከንክኖታል።

ማሪኑስ ትንሿን ጣቴን የምታክል ጠፍጣፋ ዓሣ አመጣ። ሰው አጨበጨበ። ቀጥሎ ክራይን ባልዲውን ታቅፎ መጣ። ግሮንደል ይዟል፤ ወንዛችን ከባሕር በሚገናኝበት አሸዋው ላይ ተለጥፋ የምትኖረውን ደቃቃ ዓሣ። እንዳይከፋት ብሎ ከባልዲው ሥር አሸዋ አንጥፎላታል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውኃና አሸዋ ብቻ።

«ዓሣዋስ?»

«እዚያው ናት፤ እሷ እያየችህ ነው።»

«እኔ አላየኋትም።»

ማሪኑስ አንገቱን አሰገገ። «ወይ ክራይን! ውኃ አጥምደህ መጣህ?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ክራይን እጁን ሊከት ሲል ያዝኩት፤ ከጨፈለቃት አለቀለት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አሳዘነኝ፤ ግን ያላየሁትን አየሁ አልልም። አላለፈም ልል አፌን ስከፍት ታነቼ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ደረሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ዓሣ።»

«መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቤት የሚያስፈትሽ ሰው፣ ዓሣ ቢጠፋበት ይገርማል?» አለችና ከምትበላው ሽሪምፕ ቆንጥራ ባልዲው ውስጥ ጣል አደረገች። አሸዋው ዓይን አወጣ። ግሮንደሏ ብቅ ብላ ፍርፋሪዋን ላፍ አደረገች።

በመስታወት ሳህን ላይ አድርጌ ለካኋት። የማሪኑስን ግማሽ እንኳ አትሆንም።

«አሸናፊ ክራይን! የጀልባዋን ስም ተናገር።»

ጉሮሮውን ጠረገ፤ አቀረቀረ። «የሚስቴ ስም ይሁን» አለ ቀስ ብሎ።

ታነቼ ማኘኳን አቆመች። «የእኔ? ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ብሸነፍስ ብዬ።»

«ብትሸነፍም እኮ ማወቅ እፈልግ ነበር፣ አንተ ሞኝ!» ብላ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አቀፈችው።