ከስሩ የላቮን ስም ያለበት ብልቃጥ

የቀኝ ዓይኔን ሞራ ያወጡልኝ በሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ የግራውን ደግሞ ከዐሥር ቀን በኋላ። በዚያ መሀል ኮሎምበስ ከተማ የእህቴ ልጅ ዘንድ ስቀመጥ፣ ቤቴን የጠበቀችልኝ ላቮን ናት። ላቮን ጎረቤቴ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብረን አሮጌ ዕቃ ፍለጋ ስንዞር ኖረናል። ከእኔ ሌላ የቤቴን ቁልፍ የያዘ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ልጆቼ፣ በኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ በማን ላይ እንደሠራሁት እንድታውቁልኝ ነው።

እኔ ቤት አዲስ ዕቃ ብዙም አይገባም። ጃንጥላዎቼ የሚቆሙት በድሮ የወተት ጋን ውስጥ ነው። እራት የምንበላው ከተዘጋው ትምህርት ቤት በወጣ፣ ልጆች ስማቸውን በሰንጢ በቀረጹበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው። አሮጌው ፖስታ ቤት ሲፈርስ ደግሞ የደብዳቤ መደርደሪያውን አንስቼ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አቆምኩት፤ በየቀዳዳው አንድ አንድ የቀለም ብልቃጥ ተቀምጧል። የሸክላ አለ፣ የቀንድ አለ፣ ጸሐፊዎች በኪስ ይዘውት የሚዞሩት ትንሽዬም አለ። ሰባ ሦስት ናቸው። ከሁሉ የምወደው ግን መደርደሪያው ውስጥ አይገባም። አራት ማዕዘን፣ ወፍራም ብርጭቆ፣ የናስ አንገትና ክዳን ያለው ነው። ብርሃን እንዲያልፍበት ብዬ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ያገኘሁት አንድ ሐኪም ሞቶ የቤቱ ዕቃ ሲሸጥ ነው። እንዲህ ባለ ሽያጭ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ እጁን ቀድሞ ያሳረፈ ይወስዳል። ሁለታችንም እኩል አየነው። የእኔ እጅ ብልቃጡ ላይ፣ የላቮን እጅ የእኔ እጅ ላይ አረፈ። እየሳቀች፣ “ግድ የለም፣ ስትሞቺ የእኔ ነው” አለችኝ። ያንኑ ሳምንት መጥታ ነጭ ፕላስተር ከስሩ ለጥፋ ስሟን ጻፈችበት። በእኛ አገር ይህ ነውር አይደለም። ሽማግሌ ቤት ገብታችሁ ወንበር ብትገለብጡ የሚወርሰውን ሰው ስም ታገኛላችሁ። የእኔም ቁም ሣጥን ጀርባ በእህቶቼ ልጆች ስም የተሞላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አንድ ቀን ላቮን መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ “አርዲት፣ ይሄ ነገር ወደ ሐምራዊ እየሄደብሽ ነው” አለችኝ። የዚያን ዘመን ብርጭቆ ፀሐይ ላይ ብዙ ዓመት ከቆየ ሐምራዊ እንደሚሆን እናውቃለን፤ እኛ የምንወደው ግን የጠራውን ነው። አየሁት። ለእኔ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። “ልታራክሺብኝ ነው? ገና አልሞትኩም” ብዬ አሾፍኩባት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳችውም።

እንግዲህ ከኮሎምበስ ተመለስኩ። በአዲሱ ዓይኔ ቤቴን ሳየው ሳቄ መጣ። ክሬም ነው ስለው የኖርኩት ግድግዳ ነጭ ኖሯል። ምንጣፌ ላይ የማላውቃቸው ሰማያዊ አበቦች ወጥተዋል። እንዲህ እየተደነቅሁ መስኮቱ ጋ ስደርስ ብልቃጤ ሐምራዊ ሆኖ ጠበቀኝ።

እንደው ትንሽ ነካ ያደረገው አይደለም፤ ውሃ የተቀላቀለበት የወይን ጭማቂ ይመስላል። ፀሐይ እንዲህ ለማድረግ ስንት ዓመት ይፈጅባታል፤ እኔ የሄድኩት ለሁለት ሳምንት ነው። አንስቼ ገለበጥኩት። ፕላስተሩ የለም። የሙጫ ምልክት እንኳ የለም፤ ስሩ ጽድት ብሏል።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በእኛ ሙያ የሚጠላ አንድ ማጭበርበር አለ። ተራውን ብርጭቆ ጨረር ማሽን ውስጥ ከትተው በጥቂት ቀን ሐምራዊ ያደርጉትና ዘመናት የቆየ ነው ብለው ለማያውቅ ሰው ይሸጡታል። የተጠበሰ እንለዋለን። የእኔን ንጹሑን ወስዳ የተጠበሰ ተካችልኝ አልኩ፤ የእሷ ስም ያለበት ፕላስተር ደግሞ ከእኔው ብልቃጥ ጋር ሄዷል።

በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ። ላቮን ናት። ስለ ዓይኔ ጠየቀችኝ፣ ደህና ነው አልኳት። ቀጥላም፣ “ዕቃዎችሽን አየሻቸው?” አለችኝ። ድምጿ ቅጥነት ነበረው። አይ፣ ደክሞኛል ብዬ ዘጋሁት። ሠላሳ ዓመት ስታውቁት የኖራችሁት ሰው ድምፅ ድንገት የሌባ ድምፅ ሲሆንባችሁ፣ ልጆቼ፣ አይድረስባችሁ።

በማግስቱ ቁልፍ ሠሪ ጠርቼ የበሬን ቁልፍ አስለወጥኩ። ብልቃጦቼን አንድ በአንድ እየገለበጥኩ መረመርኩ። ሌላ የተነካ የለም፤ ይህም ጥርጣሬዬን አባሰው። የምትፈልገውን ታውቅ ነበር ማለት ነው። እሷም ባለፉት ጊዜያት ሁሉ እዚያ መስኮት ጋ ቆማ ስታይ የነበረው ደጁን ሳይሆን ብልቃጤን እንደነበር ትዝ እያለኝ ሄደ።

ከቀትር በኋላ በሬ ላይ ቁልፍ ሲገባ ሰማሁ። ቁልፉ አንዴ ተንቀራጨጨ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አየኋት። ቁልፉን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ መረመረችው፣ በቀሚሷም ጠረገችው። ሦስተኛ ሞከረች። ከዚያ የበሩን አዲስ የናስ ቁልፍ አየችና እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። አላንኳኳችም። ይዛ የመጣችውን የቱና ፓስታ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ ፎጣ አልብሳው ሄደች።

ፓስታውን አልነካሁትም። ብልቃጡን በካልሲ ጠቅልዬ ሆሊስ ሱቅ ሄድኩ። ሆሊስ አባቱም አሮጌ ዕቃ ሻጭ ነበር፤ ከዚህ ልጅ ዓይን የሚያመልጥ ብርጭቆ የለም። የማንንም ስም ሳላነሳ፣ ይህ የተጠበሰ መሆኑን ንገረኝ አልኩት፤ እንዲያውም ምስክር ሊሆነኝ ይችል እንደሆነ ጠየቅሁት።

ወደ መብራቱ አቀረበው። የናሱ አንገት ድሮም የላላ ነበር፤ በቀስታ ነቅሎ አነሳውና ብልቃጡን ወደ እኔ አዞረው። ናሱ ሸፍኖት የነበረው ጠርዝ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ሐምራዊው ናሱ የጀመረበት ቦታ ላይ በመስመር ቆሟል።

“ወይዘሮ አርዲት፣ ቢጠበስማ ከነአንገቱ ሐምራዊ ይሆን ነበር” አለኝ። “ይህን ሐምራዊ ያደረገው ፀሐይ ነው፤ ናሱ የጋረደውን ብቻ ምሮታል። ሃያ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። የት ነው የሚያስቀምጡት?”

መስኮት ላይ ለማለት አፈርኩ። ግድግዳዬ ሲነጣ ዓይኔ ነው ብዬ የሳቅሁት ሴትዮ፣ ብልቃጡ ጋ ስደርስ ሰው ጠረጠርኩ። ቢጫው ሞራ ሐምራዊውን ዓመት ሙሉ፣ ዓመታት ሙሉ ደብቆብኝ፣ እኔ ግን በነገረችኝ ጓደኛዬ ላይ አሾፍኩ።

ግን ፕላስተሩስ? ይህ ብቻ ቀረኝ፤ እሱንም ሊነግረኝ የሚችል አንድ ሰው ነው።

ላቮን በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንድቀመጥ አልጋበዘችኝም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ የተጠበሰ ማለቴን፣ ቁልፉን፣ ከመጋረጃ ኋላ መቆሜን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የቆየውን ቁልፌን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

“ፕላስተሩን ለምን አነሳሽው?” አልኳት።

“አንቺ ሐኪም እጅ ላይ ተኝተሽ” አለች፣ “እኔ ቤትሽን ስጠርግ ስሜን ከስሩ አየሁት። ሞትሽን የምጠብቅ መሰለኝ። ቀፈፈኝ፣ ፈግፍጌ ጣልኩት። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ዘጋሽብኝ።”

ብልቃጡን ከካልሲው አውጥቼ ፊቷ አኖርኩት፤ ሳልሞት ውሰጂው፣ ዛሬውኑ የአንቺ ነው አልኳት።

አንስታ ወደ ፀሐዩ አቅንታ አየችው። “አልፈልገውም” አለች። “እኔ እጄን የዘረጋሁት ለንጹሑ ነበር። ይሄንን አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፣ አንቺው ታቀፊው።” ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ ነገር ነበረ፤ ሙሉ ሳቅ ግን አልነበረም።

አዲሱን ቁልፍ ከአሮጌው አጠገብ አስቀመጥኩላት። ሁለቱንም አየቻቸው፤ አሮጌውን ወደ እኔ ገፋችው። አዲሱን ግን አላነሳችም። ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትቼው ቤቴ ገባሁና ፓስታውን አሙቄ በላሁ። ቀዝቅዞ ስለነበር ዳር ዳሩ ደርቋል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ወንዙ ማዶ የአንድ ቤት ዕቃ ሽያጭ ነበር። ሄጄ ልሰለፍ ስለባበስ በሬ ላይ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ይህኛው አልተንቀራጨጨም፤ አንዴ ዞሮ ከፈተ።