ዲዋኒያ ውስጥ ያፈራ ቲማቲም

ጀይላን የመቂ ልጅ ነው፤ ኩዌት፣ ሐዋሊ ሰፈር አትክልት ቤት ይሠራል። ቲማቲም በእጁ ዳብሶ አገሩን ይለያል። የዮርዳኖሱ ልጣጩ ጠንካራ፣ የኢራኑ ውሃማ፣ የቱርኩ መልክ ብቻ ነው ይላል። የኩዌት የራሷ ይጣፍጣል፤ ግን ሙቀቱ ሲገባ ያልቃል።

ሚስቱ ሙሉካ ደስማ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት ማዳም ቤት እያደረች ትሠራለች። በኮሮናው ዓመት፣ በመጋቢት መጨረሻ፣ ጀይላን የሚኖርበት አባሲያ ሰፈር ተዘጋ፤ መውጣትም መግባትም ተከለከለ። ከውጭ የሚገባው ቲማቲምም ቀነሰ። ማዳም ደግሞ ሩዛቸው ላይ የቲማቲም ስጎ ካልፈሰሰበት አይበሉም።

ሙሉካ ይህን በስልክ ነገረችው።

«ፍሪጅ ውስጥ አንድም የለም?» አላት።

«አንድ የዮርዳኖስ አለ፤ ለስልሷል።»

«እንዳትጥዪው። ዘሩን አጥበሽ አድርቂው።»

ማዳም ቤት ጣሪያ ላይ፣ በስድስት የዘይት ጣሳ ዘራችው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ጀይላን ቡቃያውን በየቀኑ በቪዲዮ እያየ «ይኼን ውሃ አብዝተሽበታል» ይላታል። ግንቦት ላይ ግን አበባው ይረግፍ ጀመር።

«ሙቀቱ ነው» አላት። «ቀዝቃዛ ቦታ ካልገባ አያፈራም።»

ሙሉካ እየፈራች ለማዳም ነገረቻቸው። ማዳም ትንሽ አሰቡና ዲዋኒያውን ከፈቱላት። ልጆቻቸው እንግዳ የሚቀበሉበት ትልቅ ክፍል ነው፤ መሰብሰብ ከተከለከለ ወዲህ ማንም አልገባበትም።

«እንግዶቻችን እነዚህ ይሁኑ» አሉ።

ጣሳዎቹ መስኮቱ ሥር ተደረደሩ፤ ኤሲው ተከፈተ። ጀይላን «ነፋስና ንብ ስለሌለ አበባውን በጣትሽ መታ መታ አድርጊው» ሲላት፣ ማዳም ይህን ሥራ ለራሳቸው ወሰዱ። ጠዋት ጠዋት ቢስሚላሂ እያሉ እያንዳንዷን አበባ ይነኩ ነበር። ሰባት ፍሬ ያዘ።

አባሲያ ሲከፈት ጀይላን ማስክ አድርጎ መጣና በር ላይ ቆመ።

«ገበሬው ነው? ይግባ» አሉ ማዳም።

ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሙሉካ ከሦስት ወር በላይ በስልክ ብቻ ያየችውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ከስተሃል» አለችው።

«አንቺ ግን አምሮብሻል።»

ማዳም የመጀመሪያዋን ቲማቲም ቆርጠው፣ ጨው ነስንሰው በሳህን አቀረቡለት። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ለትልቁ ልጃቸው «ዲዋኒያው ተይዟል፤ ቲማቲሙ እስኪያልቅ እንግዳ አትጥራ» አሉት። ሲወጡም በሩን ገርበብ አደረጉላቸው።