የተቀዳ እጅ

ግሪሴልዳ ኡሩቲ ወንድሟ ሌአንድሮ አዲሱን ሥራውን በሚያሳይበት ቅዳሜ ወደ አዳራሹ የሄደችው ልታዋርደው ነው። እናቷ በር ላይ ይዛት፣ «ተይ፣ ያንድ እናት ልጆች ናችሁ» ብላ ብትለምናት፣ «እናታችንስ አንድ ናት፤ ዓይኑን በጨው ያጠበው ግን እሱ ብቻ ነው» ብላት ወጣች።

በሮሳሪዮ ከተማ እንግዳ ድምፅ የሚወዱ ሰዎች ሁሉ ግሪሴልዳ የምትሠራቸውን የሙዚቃ ሳጥኖች ያውቃሉ። እንደ ፒያኖ የሚመታ ነገር የላቸውም። ውስጣቸው ሽቦ ተዘርግቷል፤ ከላይ የመዳብ ንጣፎች አሉ። ተጫዋቹ ሁለት ንጣፎች ሲነካ ኤሌክትሪኩ በቆዳው ያልፍና ሳጥኑ ያቃስታል፣ ያፏጫል፣ አንዳንዴም እንደ እንቁራሪት ይጮኻል። ሌአንድሮ ባለፈው ክረምት «ለማስታወሻ» ብሎ ስትጫወት ቀዳት። ከዚያ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ አውጥቶ መሸጥ መጀመሩን የሰማችው፣ መንገድ ላይ «እንኳን ደስ አለሽ» ካላት ከማታውቀው ሰው ነው።

አዳራሹ ወንዙ ዳር ያለ የድሮ የባቡር መጋዘን ነው። ፊት ለፊት ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ የገዛ ሳጥኗ ፎቶ፣ እንጨቱ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር፣ ተደቅኗል። ሌአንድሮ ሲጫወት የወጣው ድምፅ የእሷው ነው፤ ደግሞ ያምራል። ማማሩ የባሰ አንጨረጨራት።

«አሁን ሰው ሁሉ የወደደውን ላሰማችሁ» አለና ስክሪኑ ላይ ያለችውን አንዲት ማዞሪያ ወደ ቀኝ አዞረ። ድምፁ ይርገበገብ ጀመር። «እህቴ ስትጫወት እንዲህ ነው። ምስጢሩን ፍለጋ ስንት ወር ለፋሁ! ማዞሪያዋን 'ግሪሴልዳ' ብያታለሁ።»

ሰው አጨበጨበ። እሷ ተነሳች።

«አንተ ሌባ!»

«ጀመራት ደግሞ!» አለ ሌአንድሮ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ምንሽን ወሰድኩብሽ? ሳጥንሽ ቤትሽ ቁጭ ብሎ የለም እንዴ?»

«ማን ፈቀደልህ?»

«አንቺን ማን አስፈቅዶ ያውቃል? ሰው ሲጠይቅሽ ትናከሻለሽ! ዝም ብልሽማ ከነሳጥንሽ ነበር የምትቀበሪው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ግሪሴልዳ መድረኩ ላይ ወጣች።

«ምስጢሩን አገኘሁ ነው የምትለው?»

«አገኘሁ! መዳቡ ነው፤ ሲሞቅ ድምፁን ያወዛውዘዋል።»

ቀኝ እጇን ከኮቷ ኪስ አውጥታ አፍንጫው ሥር ዘረጋችው። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ልታቆመው ብትታገልም አልቆመም።

«መዳብ አይደለም፣ ይሄ ነው። ሐኪሞቹ ስም አውጥተውለታል፤ አንተ ደግሞ በኔ ስም ጠራኸው። በል አጫውታቸው! ወደ ቀኝ አዙርና ሲብስብኝ ይስሙ!»

ሌአንድሮ አመድ መሰለ።

«ግሪሴ... አልነገርሽኝም እኮ።»

«ለሌባ ቤት ያሳዩታል?»

እጇን ሊይዝ ሲል መንጭቃው ወረደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ ያጨበጨቡት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

በማግስቱ ማዞሪያዋን ከመሣሪያው አወጣት። የገዙት ሰዎች ተንጫጩ፤ «ነፍሱን ገደልከው» እያሉ የስድብ መዓት አወረዱበት። እሱ ግን ምክንያቱን ትንፍሽ አላለም። እናታቸው ይህን ስትነግራት ግሪሴልዳ፣ «ይበለው» አለች።

መከር ሲገባ እጇ ከፋ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳጥኗ ፊት ተቀምጣ ንጣፎቹን ብትነካ፣ የሚወጣው ተራ ጩኸት ሆነ። ያ ስስ መርገብገብ፣ የዚያ ክረምት እጇ፣ ከእንግዲህ የትም የለም። ሌአንድሮ ዘንድ ካልሆነ በቀር። ጥርሷን ነክሳ ደወለችለት።

«መልሳት።»

«ምኗን?»

«ማዞሪያዋን ነዋ፣ ደደብ! ስሜን ግን ፋቀው።»

«ልምጣ፣ ግሪሴ?»

«ብትመጣ በሩን ፊትህ ላይ ነው የምዘጋው» አለችና ዘጋችበት።

ማዞሪያዋ ያለ ስም ተመለሰች። በሚቀጥለው እሁድ እናታቸው ቤት ሥጋ ሲጠበስ ግሪሴልዳ ወንበሯን አዙራ ለሌአንድሮ ጀርባዋን ሰጠችው፤ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳትናገረው በልታ ሄደች።