ለኡምኩልሱም ያልተነገራት

ረቢአ አምስተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ሽንት አልቋጥር አላት። ስታስል፣ ስትስቅ፣ ሰንበቴ ከተማ ገበያ የማሽላ ጆንያ ስታነሳ ያመልጣታል፤ ለሶላት ታጥባ ውዱእ አድርጋ ሶላቷን ሳትጨርስ ይፈርስባታል። በ2002 አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሞቹ ከሽንት ቧንቧዋ ሥር ደግፎ የሚይዝ ቀጭን የፕላስቲክ መረብ አስገቡላት። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየችም።

ስለዚህ ጨፋ ሮቢት ያለችው የወንድሟ የሙሀመድኑር ሚስት ኡምኩልሱም ያው ችግር እንደያዛት ስትነግራት አላመነታችም። "ምንም የለውም፤ እኔን እይኝ" አለቻት። ለሙሀመድኑር ኩላሊት ነው ተብሎ እንዲነገረው የመከረችውም እሷው ናት። በ2005 አዲስ አበባ ወስዳ ያንኑ ቀዶ ጥገና አሠርታ መለሰቻት።

ሦስት ዓመት አለፈ። በማሽላ አጨዳ ሰሞን ረቢአ ከምትኖርበት ከከሚሴ ልትጠይቃቸው ሄደች። ኡምኩልሱም ከምሳ በፊት ብቻ አራት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላለሰች፤ በመጨረሻው ስትመጣ ፊቷን አልቧት ነበር። ሙሀመድኑር እህቱን ወደ ደጅ ጠራት።

"ምን እንዳስቀየምኳት አላውቅም" አላት። "መኝታ ከለየች ዓመት ሊሞላት ነው። ሌላ ሚስት አግባ ትለኛለች።"

ረቢአ ተመልሳ ገብታ ኡምኩልሱምን ለብቻዋ ያዘቻት።

"ውስጤ የሚወጋ ነገር አለ" አለች ኡምኩልሱም አቀርቅራ። "ሲቀርበኝ እሱንም ይወጋዋል። ሽንቴም በስንት ትግል ነው የሚወጣው፤ ያቃጥለኛል። ባሌን ስለዋሸሁ አላህ የቀጣኝ መሰለኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ባገኘሽኝ ቁጥር አልሐምዱሊላህ ዳንን ትይኛለሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ፣ እቴ?"

ረቢአ ወጥታ ለወንድሟ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ኩላሊት እንዳልነበረ፣ ያስዋሸቻትም እሷ እንደሆነች።

"ላንቺ ቀዶ ጥገናው ሲደረግ ባልሽ ቃሲም ያውቅ ነበር?" አላት ሙሀመድኑር።

"ያውቅ ነበር።"

"ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው?"



በሳምንቱ ሦስቱም አዲስ አበባ ሄዱ። ሐኪሟ መርምራ ስትጨርስ፣ መረቡ ሥጋዋን በስቶ ብቅ ማለቱን ነገረቻቸው። "አብዛኞቹ ሴቶች ለዓመታት ደህና ናቸው። ጥቂቶቹን ግን እንዲህ ያደርጋቸዋል፤ ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። በየዓመቱ ለክትትል ተመለሱ የምንለው ለዚህ ነበር። ቆርጠን ብናወጣው ሕመሙ ይቀንሳል፤ ሽንቱ ግን ተመልሶ ሊያመልጣት ይችላል።"

ረቢአ አንገቷን ደፋች። በመጀመሪያው ዓመት ኡምኩልሱም ቀጠሮዋን ስታስታውሳት፣ "ድነን ሳለ ምን እናደርጋለን?" ያለቻት እሷ ነበረች።

"አውጡልኝ" አለች ኡምኩልሱም።

ወጣላት። ውጋቱ በሁለት ወር ውስጥ ለቀቃት፤ ሽንቱ ግን፣ እንደ በፊቱ ባይሆንም፣ ተመልሶ ያመልጣት ጀመር። ለየሶላቱ ውዱእ ታድሳለች። ከባሏ ጋር አንድ መኝታ ላይ ተመልሰዋል። ረቢአ በበኩሏ ባሳላት ቁጥር የራሷን ልብስ መዳሰስ ልማድ ሆነባት።

በረመዳን ዋዜማ ኡምኩልሱም ከሚሴ ድረስ መጣች።

"በድዬሻለሁ፤ አፉ በይኝ" አለቻት ረቢአ።

"አፉ ብዬሻለሁ። ግን ሌላ ሴት ስትጠይቅሽ የእኔንም አብረሽ ንገሪያት።"

"እነግራለሁ። ሙሀመድኑርስ?"

"ደጅ ነው፣ ባጃጁ ውስጥ። እንግባ ብለው እምቢ አለኝ።"

ረቢአ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ በሩ ሄደች። ሙሀመድኑር አያት፤ ሰላምታዋን መለሰላት፤ ከተቀመጠበት ግን አልወረደም።