ጎማ ያላት መንኮራኩር

ሸዋ በር አጠገብ ኩራዝ ሠሪዋን ወይዘሮ ለተማርያምን የማያውቅ የለም። ባላቸው ሲሞቱ መቀሱንም መዶሻውንም ተረክበው፣ "ሴት ደግሞ ቆርቆሮ ትቀጠቅጣለች?" ያለውን ሁሉ አፉን አስያዙት። አንድ ነገር ብቻ ይከነክናቸው ነበር፤ ሥራቸው ያልገባበት ቤት ሳይኖር፣ ስማቸው የተጻፈበት ዕቃ አንድም የለም።

በ1960 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው ወጣቱ መምህር ግርማ ደብዳቤና ከጋዜጣ የተቀደደ ሥዕል ይዞላቸው መጣ። "ለትምህርት ቤታችን ሙዚየም፣ ሰው ይዛ መጀመሪያ የወጣችውን የጠፈር መንኮራኩር አሳንሰው ይሥሩልን። ስምዎ ካርድ ላይ ይጻፋል።"

ስም ሲባል ወይዘሮዋ የሳምንቱን ኩራዝ ሁሉ ወዲያ አሉት።

ሥዕሉ ከወገቡ በታች ተቀዷል። ቢቀደድስ? ደብዳቤው "መንኮራኩር" ይላል፤ ቄሱ የሕዝቅኤልን ራእይ ሲተረጉሙ ደግሞ ቆመው ሰምተዋል፤ መንኮራኩር የሠረገላ እግር ነው። ከዘይት ቆርቆሮ በሥዕሉ ላይ ያለችውን ኳስ መሰል አካሏን ቀጥቅጠው፣ ከሥሯ ለጎማ አራት የሳልሳ ጣሳ ክዳን በየዱላት።

"ሰማይ ላይ አስፋልት አለ እንዴ?" አለች ጎረቤታቸው ሳፊያ፣ ስፌቷን እየሰፋች።

"ከሌለ ይሥሩ! ይልቅ ወላሂ በይ፣ አታምርም?"

"ወላሂ ታምራለች። ፍሬን ግን የላትም።"

ሙዚየሙ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው መምህሩ መጣ። ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው።

"እትዬ፣ ጎማ!"

"ምነው መምህር፣ ጎድሎ አገኙት?"

"መንኮራኩር ስሟ ብቻ እኮ ነው! በአየር ነው የምትሄደው። ይንቀሉት፤ ከነጎማዋማ አላስገባትም።"

ባዶው ካርድ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ ይታያል። ጉጠቱ እጃቸው ላይ ነው፤ መንቀሉ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን ያ ሳቅ! ጉጠቱን ጉልበታቸው ሥር አደረጉት፤ መምህሩንም ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" ያወረዱት ያኔ ነው።

"ስማ ልጄ። ጎማው እንዲነቀል መጀመሪያ ቃሉን ንቀል። ሌላ ስም ካለህ አምጣ፣ አሁኑኑ እነቅልልሃለሁ።"

"የጠፈር መርከብ ብንላት…"

"መቅዘፊያ እጨምርላታለሁ።"

ከጎን ስትሰፋ የነበረችው ሳፊያ በሳቅ ወስፌዋን ጣለች።

"ሮኬት… የለም፣ ሮኬት የሚያስወነጭፋት ነው፤ እሷ ሌላ ናት" አለና ራሱ አፈረሰው። ተናዶ ባዶ እጁን ሄደ።

በመክፈቻው ጠዋት ወይዘሮ ለተማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መንኮራኩሯን ታቅፈው በፈረስ መጋላ አደባባይ አልፈው ሙዚየሙ ውስጥ ሳይጠሩ ገቡ። መሐል ያለው ጠረጴዛ ባዶውን ነበር። ከነጎማዋ አስቀመጧትና ፊቷ ቆሙ።

"እትዬ፣ እንግዶቹ በር ላይ ናቸው!" አላቸው መምህሩ።

"ስም አገኘህላት?"

መምህሩ ጠረጴዛውን አየ፣ በሩን አየ። ካርዱን አወጣና "የጠፈር መንኮራኩር" ብሎ ጻፈ።

"ከሥሩ፣ ሠሪ ለተማርያም በል። ወለተ አይደለም፤ ለተ!"

አስተካክሎ ጻፈ። ከእንግዶቹ አንዱ ጎማውን አይቶ፣ የሳለ መስሎ ሳቀ።

"ጉንፋን ከሆነ፣" አሉት ካርዱን ቀና እያደረጉ፣ "በሩ በዚያ በኩል ነው።"