የኮረሪማዋ ቀዳዳ

ኪዳነወልድ መርካቶ የገባው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነው። ሠዓሊ ነው፤ ለዚያውም «ሳይንሳዊ ሠዓሊ»፤ እንዲያ ብለው ካልጠሩት ይከፋዋል። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ በቅመም ሻጮቹ መሀል ሰውን በክርኑ እየገፋ አለፈ። በብብቱ የያዘውን ሥዕል ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ለዶክተር የሻሽወርቅ ካላስረከበ፣ በምታሳትመው የዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሦስት ወር ሙሉ አንዲት የደረቀች ኮረሪማ ፊት ተቀምጧል። በማጉያ መነጽር አይቷታል፤ በማስመሪያ ለክቷታል፤ የቆዳዋን ሽብሽብ አንድ በአንድ ቆጥሯል። የቀረው የውስጧ ፍሬ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ የሚፈለፍላት ሌላ ኮረሪማ ፍለጋ መጣ።

«አንቺ፣ ደህናዋን ምረጪልኝ» አላት ሀጅራን፣ በእናቱ ዕድሜ ያለችውን ባለሱቅ። «ለወጥ አይደለም። ለሳይንስ ነው።»

ሀጅራ ሠላሳ ዓመት ኮረሪማ ሸጣለች፤ እንዲህ ያለ ገዢ ገጥሟት አያውቅም። «እስቲ ሳይንሱን አሳየኝ፣ ልጄ።»

ምን ይገባታል ብሎ ነበር፤ ግን መደነቅ አይጠላምና ሥዕሉን ገለጠላት። እውነትም ያምራል። ሀጅራ ሻርፗን ሰብሰብ አድርጋ አጎነበሰችና ጣቷን ከተሳለችው ኮረሪማ አንገት ላይ አሳረፈች። «ይቺ ቀዳዳስ ምንድን ናት?»

«መተንፈሻዋ» አለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። «አየር የምታስገባበት የተፈጥሮ ቀዳዳ። አርባ ሱቅ ገብቼ አመሳክሬያለሁ። የሌላት አንድም አላገኘሁም።»

ሀጅራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከጀርባዋ ከምስማሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ ኮረሪማ አወረደች፤ አንዷን ከክሩ ላይ አውጥታ መዳፉ ላይ ጣለችለት። «ገበሬው ነው በወስፌ የሚበሳት፣ በክር ሰክቶ ሊያደርቃት። እኛ ከክሩ እያወጣን እንሸጣለን። መተንፈሻ! ያ ረቢ፣ ይሄን ለማወቅ ስንት ዓመት ተማርክ?»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። አርባ ሱቅ ሲገባ አንዱን ሻጭ እንኳ አፉን ከፍቶ አልጠየቀም። ሳይንሳዊ ሠዓሊ ደግሞ የቅመም ነጋዴ ይጠይቃል እንዴ!

«ያልተበሳች የለችም?» ድምፁ ቀጠነ።

«ሳትበሳ ማን ያመጣታል? እሷን አገሯ ሄደህ ነው የምታያት።»

ለዘጠኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ስልኩ ጠራ፤ ዶክተር የሻሽወርቅ ናት።

«ወይ ሥዕሉ ላይ ክሩን ጨምርበት!» አለች ሀጅራ፣ ሳቋን ሳትጨርስ።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።  ኪዳነወልድ እዚያው የኮረሪማው ጆንያ ላይ ቁጭ አለና እርሳሱን ከኪሱ አወጣ። ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ግን አያውቅም።

«እትዬ» አለ፣ ቀና ሳይል። «እስቲ ክሩን አንዴ ይያዙልኝ።»